አልረጋም ያለው ደም

«ገድሎ ቢሆን ኖሮ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል? ወዬሳ ጅል ነው፣ እሺ። ይሄን ያህል ጅል ግን አይደለም!»

«እትዬ ጉዲቱ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ። ጆሮዬ እኮ የአንድ ሰው ጩኸት ነው የሚችለው።»

«እኔ ስንት ሆኜ ታየሁህ?»

መቶ አለቃ ሰብስቤ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ግንባሩን አከከ። ነገር ሲያልቅበት ግንባሩን የማከክ አመል አለው። ሴትዮዋ ከጠዋት ጀምራ የጣቢያው በር ላይ እንደ ምሰሶ ተተክላለች፤ ቢገፏትም አትነቃነቅም። ባሏ ወዬሳ፣ የአቶ ፀሐዬ ቆዳ መጋዘን ዘበኛ፣ ውስጥ ታስሯል።

አቶ ፀሐዬ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ነፍሳቸውን ይማር ነው የሚባሉት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወዬሳ የመጋዘኑን በር ከፍቶ ቢገባ፣ ጌታው በቆዳ ክምር መሀል በደም ተኝተዋል። ጭንቅላታቸውን የመታቸው የራሳቸው የሚዛን ብረት ነው። ወዬሳ ኡኡ አለ፤ ኮልፌ ግልብጥ ብሎ መጣ። ፖሊስ እስኪደርስ ሰፈርተኛው ሬሳውን አንስቶ፣ ቤት አስገብቶ፣ አጥቦ፣ ገንዞ ጨርሷል። ለለቅሶ የሚፈጥን፣ ለምስክርነት የሚጠፋ ሰፈር ነው። ለፖሊስ የተረፈው ነገር መሬት ላይ የፈሰሰው ደም ብቻ ነበር።

ጣጣውን ያመጣው ደግሞ እሱው ደም ነው። የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ወልደጊዮርጊስ በዱላቸው ጫፍ ነካ ቢያደርጉት እንደ ውኃ ፈሰሰ።

«አልረጋም!» አሉ፣ ሎተሪ እንደ ደረሰው ሰው። «ያልረጋ ደም ትኩስ ነው። ይሄን ደግሞ በግ ያረደ ሁሉ ያውቀዋል። ሰውዬው የሞተው ጎህ ሲቀድ ነው። ጎህ ሲቀድ እዚህ ማን ነበር? ወዬሳ። አለቀ! ቅዳሜ ከርቸሌ ይውረድ።»

በነፍስ ግድያ ከርቸሌ የወረደ ዘበኛ፣ ጠበቃ የሌለው፣ ባላባት የማያውቅ፣ መጨረሻው ገመድ ነው። ጉዲቱም ይሄን አላጣችውም።

«ማታ ቤት መጥቶ ራቱን በልቶ ነው የሄደው» አለች፣ አሁን ድምፅዋን ቀንሳ። «ጌታው ፈቅደውለት ሁልጊዜ ይመጣል። ሲመለስ በሩ ተቆልፎ አገኘው፤ ጌታዬ ቤታቸው ገብተዋል ብሎ ጎጆው ውስጥ አደረ። ይኸው ነው። አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«እንግዲያው በእሷ ሞት፣ ሂድና ደህና አድርገህ እይ!»

ሰብስቤ ሄደ። አንጀቱ ስለራራ አይደለም፤ ሌላ ማምለጫ ስላልነበረው ነው።

*

ቆዳ መጋዘን ገብቶ አፍንጫውን የማይዝ ሰው ወይ ነጋዴ ነው ወይ አፍንጫ የለውም። ሰብስቤ መሀረቡን አፉ ላይ አስሮ ሽፍታ መስሎ ገባ። በግራ በኩል ቆዳ፣ በቀኝ በኩል ቆዳ፣ መሀል ላይ ትልቁ ሚዛን። ሚዛኑ ጎን፣ ሬሳው ከወደቀበት አጠገብ፣ ለቆዳ የሚነሰነስ ጨው ጉልበት ድረስ ተከምሯል። ደሙ ላይ ሰጋቱራ ተበትኖበታል፤ ገዳዩ ሊያደርቀው የሞከረ ይመስላል። ግን አልደረቀም፤ ቀይ ወጥ መስሎ ይንቦጫረቃል።

በጉልበቱ ተንበርክኮ ሚዛኑ ሥር አጎንብሶ አየ። ከደሙ ጥቂቱ ከሥር ገብቶ ነበር፤ ሰጋቱራው እዚያ አልደረሰም። በጣቱ ነካው። ጉበት! እንደ ጉበት ጠጥሮ፣ ዙሪያውን ቢጫ ውኃ አቅርሮ ተቀምጧል።

«አንድ ሰው፣ ሁለት ዓይነት ደም» አለ ለራሱ። «ጋሽ ፀሐዬ፣ ግማሽዎ ማታ ነው የሞተው ግማሽዎ ጠዋት?»

ሁለቱንም በየብልቃጡ ቀዳ። ቀና ሲል ጥግ ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ያለበት የወረቀት ከረጢት አየ፤ አፉ ተቀዷል፤ ውስጡ ሰጋቱራ መሳይ ነገር ነው። ጠጋ ብሎ ቢያሸተው እንደ ከረመ ሽንት አፍንጫውን ቆነጠጠው። ከእሱም አንድ እፍኝ በጋዜጣ ጠቀለለና ወጣ።

*

ረቡዕ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጯጯህ የተሰማ ሰው ነበር፤ ጀላል የሚባል የቆዳ ነጋዴ። መጋዘኑ ከአቶ ፀሐዬ በላይ በኩል ነው። ሰብስቤ ሲደርስ ቆዳ እየቆጠረ አገኘው።

«‹ይሄን ቆዳ ፊትህ ላይ አለብስሃለሁ› ብለሃቸዋል አሉ።»

«ብያለሁ» አለ ጀላል፣ ሳይደነግጥ። «አንተስ ብክት ሸጥክ ብትባል ምን ትል ነበር?»

«ምን ብክት?»

ጀላል አንዱን ቆዳ ገለበጠና የሥጋውን ወገን አሳየው። «ይሄ የታረደ ነው። ደሙ ወጥቶ አልቋል፣ ንጹሕ ነው። ሳይታረድ ሞቶ የተገፈፈ ከሆነ ግን ደሙ ሥሩ ውስጥ ይቀርና ይረጋል። ቆዳው ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር ነገር ታያለህ። ፀሐዬ ረቡዕ እንዲህ ያለ ቆዳ ይዞ መጣና ‹ያንተ ነው ወይ?› አለኝ። እኔን! ጮህኩበት። ኋላ ተረጋግቶ ‹እንግዲያው የማን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ነገ በሰው ፊት አዋርደዋለሁ› አለና ሄደ።»

«የማን ነው አለህ?»

«ስም አልጠራም። የሰው ስም ያለ ማስረጃ አይጠራም ነበር፣ አላህ ይዘንለት።»

«ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ከኋላዬ የቆመው የጣቢያችሁ ሾፌር ነው፤ ጠይቀው። ማስነጠሱ ሶላቴን አበላሽቶብኛል።»

ሰብስቤ ወደ መጋዘኑ ተመልሶ ቆዳውን ሁሉ አንድ በአንድ ገለበጠ። ቅርንጫፍ ያለበት አንድም አልተገኘም። የመጋዘኑን ሽታ ግን ልብሱ ውስጥ ይዞት ወጣ፤ እስከ ማታ ድረስ ውሻ ይከተለው ነበር።

*

ከመጋዘኑ ፊት ለፊት የፈቀደ ሉካንዳ አለ። ረቡዕ በጾም ስለሚዘጋ ሐሙስ ሰዉ ይጋፋል። ፈቀደ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ሰው ሁሉ የሚወደው ሰው ነው፤ ሟቹንም ጎረቤት ብቻ ሳይሆን እንደ ወንድም ነበር የሚያያቸው ይባላል።

«መቶ አለቃዬ! ምን አግኝተህ መጣህ?»

«ሽታ።»

«እሱስ ይታወቃል» ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። «ጋሽ ፀሐዬን! ምን ዓይነት አረመኔ ነው? እኔ እንኳ ጎህ ሳይቀድ ቄራ ነበርኩ። አራጁም ሚዛኑም ላይ ያለው ሁሉ አይቶኛል። ስመለስ ነው ኡኡታውን የሰማሁት።»

«ማን ጠየቀህ?»

«አይ፣ ልትጠይቅ ነው ብዬ ነዋ! ድካምህን ላቅልልህ ብዬ።»

እያወራ ቢላውን ይስላል፣ ሽንጡን ያወርዳል። ከሥጋው ደም ጠብ ጠብ አለ። ፈቀደ ዓይኑን ከሰብስቤ ሳይነቅል እጁን ወደ ኋላ ላከና ከጣሳ ሰጋቱራ ዘግኖ በተነበት፤ በጫማውም አሸት አደረገው።

«ጀላልን ያዘው» አለው ዝቅ ብሎ። «ረቡዕ ሲዝትባቸው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ወዬሳስ?»

«እሱም ቢሆን። ዘበኛ ምን ይታመናል?»

ሁለት ሰው በአንድ አፍ የሚከስ ሰው ለሰብስቤ አይጥመውም። ግን ቄራ የነበረ ሰው ቄራ ነበር፤ ጠይቆም አረጋገጠ። ምን ይሁን?

*

ወዬሳ እስር ቤቱ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ሰብስቤ ጋዜጣውን ፈታና አሳየው።

«አባባ ወዬሳ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወዬሳ እጁን ሰበሰበ። «ዋቃዮ! አርቀው። ሰጋቱራ እንዳይመስልህ። ጌታዬ ቆዳ እዚሁ ላለፋ ብለው ያስመጡት መድኃኒት ነው። ቆዳውን የሚያለሰልስ። ስናወርደው በባዶ እጄ ነክቼ ጣቴ ተላጠ። ከዚያ ወዲያ ሠራተኛው ሁሉ ዞር ብሎ ነው የሚያልፈው።»

«ደሙ ላይ ማን በተነው ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ? ሰው ይሄን ደም ላይ ምን ሊያደርግ ይበትናል? ጨው እግሩ ሥር ተከምሮ!»

ሰብስቤ ግንባሩን አከከ።

ሐኪም ቤቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ያገኘው ሰው ዶክተር ዓለም ይባላል፤ ከውጭ አገር ከተመለሰ ወዲህ ሰው ሁሉ ራስ ምታት ይዞ እየመጣ ያስቸግረዋል። ፖሊስ ብልቃጥ ይዞ ሲመጣ ደስ አለው። የረጋውን አየ፤ ያልረጋውን አየ፤ ዱቄቱን አሸተተ፤ ፈገግ አለ።

«ደም ሲረጋ ዝም ብሎ የሚጠጥር ይመስልሃል?»

«እኔ ምንም አይመስለኝም። ስምንተኛን ወድቄ ነው ፖሊስ የሆንኩት።»

«ውስጡ ክር ይሠራል። ደም ውስጥ አንድ ኢንዛይም አለ፤ ቁስል ሲያገኝ ይነሳና የሟሟውን ነገር ክር ያደርገዋል። ክሩ እንደ ሸረሪት ድር ይጠላለፋል፤ ቀዩ ደም እዚያ ውስጥ ይያዛል። ጉበት የመሰለህ እሱ ነው።»

«እሺ። ይሄኛው ለምን ፈሰሰ?»

«ክር ፈታዩ ኢንዛይም እንዳለ ሁሉ ክር ቆራጩም አለ። ይሄ ዱቄት ከከብት ቆሽት የተሠራ ነው፤ ሰጋቱራው መያዣው ነው። ቆሽት ሆድህ ውስጥ ሥጋ የሚፈጨው በምን መሰለህ? ድሩን ሲያገኘው ይቆራርጠዋል። ድሩ ከተቆረጠ ደሙን የሚይዘው የለም፤ ይፈስሳል፤ ሁለተኛም አይረጋም። ድሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ይቆያል እንጂ አይቀርለትም።»

«ስለዚህ ደሙ ረግቶ ነበር ማለት ነው? ከዚያ ቀለጠ?»

«አፍህን አታሞጥሙጥ፤ እንሞክረው።»

ከቄራ ትኩስ የበግ ደም እዚያው በሦስት ብርጭቆ አስቀድተው አስመጡ። ሲረጋ አንዱ ላይ ጨው፣ አንዱ ላይ የአናጢ ሰጋቱራ፣ አንዱ ላይ ዱቄቱን ነሰነሱበት። ዶክተሩ የላቦራቶሪውን በር ቆልፎ ቁልፉን ለሰብስቤ ሰጠው። «ነገ ጠዋት አንተ ራስህ ክፈተው። ኋላ ሻምበልህ ሐኪሙ አታለለኝ እንዳይለኝ።»

ዓርብ ጠዋት ሰብስቤ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ዘቀዘቃቸው። ጨዉ ያለበት ንቅንቅ አላለም። ሰጋቱራው ያለበት እንደ ጉበት ተንሸራቶ ወደቀ። ሦስተኛው ጫማው ላይ ፈሰሰበት።

*

በእግሩ እየሮጠ የእድሩን ገናዥ ጋሽ ደበላን ፈልጎ አገኛቸው።

«ጋሽ ደበላ፣ አቶ ፀሐዬን ሲገንዙ ሰውነታቸው እንዴት ነበር?»

«እንጨት! ክንዳቸውን ለማጠፍ ሁለት ጎረምሳ ነው የያዘልኝ። አምሽተው ነው የሞቱት እንጂ ጎህ ሲቀድ የሞተ ሰው እንዲያ አይሆንም።»

«ለምን አልተናገሩም ታዲያ?»

«ማን ጠየቀኝ? እናንተ ደም ስታማስሉ ነበር።»

ሰብስቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ ሰውዬው የሞቱት ረቡዕ ማታ፣ ወዬሳ ራቱን ሊበላ በሄደበት ሰዓት ነው። የጎህ ምስክር ሁሉ፣ መስጊዱም ቄራውም፣ ውኃ በላው።

ግን ማነው? የቆዳ ሰው ደም ሲያይ እጁ ወደ ጨው ነው የሚሄደው። ጨው ደግሞ ከሬሳው አጠገብ ተከምሮ ነበር። ይሄን ሁሉ ጨው ረግጦ አልፎ፣ እዚያ ጥግ ድረስ ሰጋቱራ ፍለጋ የሚሄድ እጅ የማን እጅ ነው? ደም ጠብ ባለ ቁጥር ሰጋቱራ መዝገን የለመደ፣ ሳያስብ፣ ዓይኑን እንኳ ሳያዞር...

«አንተ ወፍራም!» አለ ሰብስቤ፣ ብድግ ብሎ።

ሲያውቁ ማወቅ ቀላል ነው። ማስረጃ ግን የታለ? ሰጋቱራ ዘገነ ተብሎ ሰው አይታሰርም። ሻምበሉ ደግሞ ለነገ መኪና አዝዘዋል። ስለዚህ ሰብስቤ ከልጅነቱ ጀምሮ አሳምሮ የሚችለውን አንድ ሙያ አሰበ፤ መዋሸት።

*

ከሰዓት በኋላ፣ ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ጢም ብሏል። የሟች ባለቤት ወይዘሮ ሸዋገነት በሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ፈቀደ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማንቆርቆሪያ ይዞ ለቀስተኛውን እጅ ያስታጥባል። ሰብስቤ ገብቶ አልቅሶ፣ እንባ አልመጣ ቢለው መሀረቡን ነካ ነካ አድርጎ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እናንተዬ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ሰማችሁ? ለነፍሳችሁ ብዬ ነው የምነግራችሁ። መጋዘኑ ጥግ ላይ በወረቀት ከረጢት ያለ፣ ሰጋቱራ የሚመስል ነገር አለ። መርዝ ነው! የነካው ሰው በጣቱ ይገባና ደሙን ውስጥ ለውስጥ ያቀልጠዋል። መጀመሪያ መዳፉን ያሳክከዋል። ከዚያ በአፍንጫው ይመጣል። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ድንኳን ነው።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። የመጋዘኑ ሠራተኞች ግን እርስ በርስ ተያይተው ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ፤ ጣት ከመላጥ በቀር ምንም እንደማያደርግ ያውቃሉ። ጀላል ሰብስቤን በትዝብት አየውና አንገቱን ደፋ።

አንድ ሰው ግን አልሳቀም፣ አልጮኸም። ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና በድንኳኑ ጀርባ ወጣ።

ሰብስቤ ሲደርስበት ፈቀደ የውኃ በርሜሉ አጠገብ ተንበርክኮ እጁን በአመድ ይፈትጋል። መዳፉን በመዳፉ፣ ጣቱን በጣቱ፣ ቆዳው እስኪቀላ።

«አልለቅ አለህ?»

ፈቀደ ዘለለ። «የሥጋ... የሥጋ ቅባት ነው።»

«ዛሬ እኮ ዓርብ ነው። የምን ሥጋ?»

ከድንኳኑ ውስጥ የአልቃሽ ድምፅ ይሰማል። ሰብስቤ የራሱን መዳፍ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ እንኳ ነክቼው አላውቅም፣ ተመስገን። አንተን ግን ማየት ነው፤ አፍንጫህ ሥር ምን ቀይ ነገር ነው?»

ፈቀደ በድንጋጤ አፍንጫውን ጨበጠ። «መርዝ መሆኑን ምን አውቄ! ሰጋቱራ መስሎኝ...»

አፉን ዘጋው። ግን ቃል ከወጣ ወዲያ አፍን መዝጋት፣ በሬው ካመለጠ በኋላ በረት መዝጋት ነው።

«ጨርሰው እንጂ» አለው ሰብስቤ። «ሰጋቱራ መስሎህ ምን ላይ በተንከው?»

ፈቀደ በርሜሉን ተደግፎ መሬት ላይ ተዘረጠጠ። «የሸጥኩላቸውን ቆዳ መልሱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹ነገ በመላው ኮልፌ ፊት አነጥፈዋለሁ› አሉኝ። ብክት አበላ የተባለ ሰው የት ይገባል? ልጆቼን ማን ያገባቸዋል? ብረቱ እጄ ላይ ነበር... እንዴት እጄ ላይ እንደመጣ አላውቅም።»

«ቆዳውስ?»

«ጓሮዬ ቀብሬዋለሁ።» ከዚያ በተቀደደ ድምፅ ጨመረ፤ «ሐኪሙ ያድነኛል?»

«ከዱቄቱ? ጣትህ ትንሽ ይላጣል፤ ሌላ ምንም የለውም።»

ፈቀደ ቀና ብሎ አየው። ሰው ሰውን እንዲያ ሲያይ ሰብስቤ አይቶ አያውቅም።

*

ቆዳው ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቁሩ ቅርንጫፍ እንዳለ ነው። ሻምበል ወልደጊዮርጊስ ዞረው ዞረው አዩት፣ አፍንጫቸውን ያዙ፣ ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

«ወዬሳን ፍቱት» አሉ፣ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ፊታቸውን አኮማትረው።

ወዬሳ ጋቢውን እያራገፈ ወጣ። ጉዲቱ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፣ ክንዱን ጨምቃ አጥንቱ እንዳለ አረጋገጠች፣ «ጫማህስ?» አለችው። ጫማው እስር ቤት ቀርቷል፤ ሊያመጣ ተመለሰ። እሷ በሩን ይዛ ቆመች፤ ጫማው ሳይመጣ የምትሄድ ሴት አይደለችም።

ሻምበሉ ግን አልረኩም። ሁለት ቀን ሙሉ በደም ሲሞኙ ከርመው፣ አሁን ክብራቸውን የሚመልሱበት ነገር ይፈልጋሉ። ጠረጴዛውን በዱላቸው መቱት።

«ግድያው አንድ ነገር ነው። ብክት ማብላት ደግሞ ሌላ ነው! መቶ አለቃ፣ ጻፍ። አንተ ከሃዲ፣ ይሄን በሬ ከየት አመጣኸው?»

«አየር ጤና መንገድ ዳር ሞቶ አገኘሁት» አለ ፈቀደ፣ ካቴናውን እያየ።

«ለማን ሸጥከው?»

ፈቀደ ዓይኑን ከካቴናው ወደ ወለሉ አወረደ።

«ለማን ሸጥከው? የበላው ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራ! ንስሐ ይግባ! ሰፈሩ ይወቀው!»

«ይቅርብዎ፣ ሻምበል።»

«ይቅርብዎ? ለእኔ ነው ይቅርብዎ የምትለው? ተናገር!»

ፈቀደ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ቀና አደረገ። ሻምበሉን አየ፣ ብዕሩን የያዘውን ሰብስቤን አየ።

«እሁድ ዕለት ለልጅዎ ክርስትና እርስዎ ነዎት የወሰዱት፤ ድግሱ ላይ ጥሬውን ‹ጨምሩልኝ› እያለ የጨረሰው ደግሞ ይሄ የሚጽፈው ነው።»